በፋሲካ ማዕድ ላይ የጾም ወጥ

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ እንግዳ ለሚቀበል ሰው ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን ተጋብዞ ለሚሄደውም ሰው የተነገረ መሆኑን በሰቆጣ ከተማ፥ በአክስቴ ቤት ተማርሁ። ነገሩም እንደሚከተለው ነው።

እኔ ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና እንቍላል መብላት የተውሁት በ2009 ዓ.ም. ነው። ይህንም ያደረግሁት ሐኪም አዝዞኝ ወይም ስእለት ኖሮብኝ ሳይሆን፥ ለእንስሳ ከመራራት የተነሣ ነው። በአዲስ አበባ ስኖር የጾም ምግብ በየስፍራው ስለሚገኝ ምንም አልተቸገርሁም። በ2010 ዓ.ም. ለፋሲካ በዓል ካሳደጉኝ አክስቴ ዘንድ ወደ ሰቆጣ በሄድሁ ጊዜ ግን፥ አስቀድሜ ቃል ሳልልክ ባዶ እጄን ገባሁ።

አክስቴ የ55ቱን ቀን ጾም ፈጽመው፥ ፍየል አሳርደው፥ ዶሮ ሠርተው ይጠብቁኝ ነበር። የዶሮው 12 ብልት በየማዕርጉ ሲታደል የእኔን ድርሻ መርጠው ሊያጎርሱኝ እጃቸውን ቢዘረጉ፥ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፥ አልበላም» አልኋቸው። ሽሮው እንኳ ለበዓሉ ክብር በቅቤ ተሠርቶ ስለ ነበረ፥ እንጀራ በአዋዜ እያጠቀስሁ ተቀመጥሁ። አንድ ሽማግሌ ዘመዳችንም ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀኖች ረቡዕና ዓርብ ስንኳ እንደማይጾም ጠቅሰው፥ «በደስታ ቀን መጾም ሥርዓት ማፍረስ ነው» ሲሉ ገሠጹኝ።

አክስቴ ግን የተናገሩት ሌላ ነበር። «ልጄ፥ በ77ቱ ድርቅ ከብቱ አልቆ ለልጅ የሚቀመስ ያጣነውን፥ አንተ ዛሬ ተገኝቶ ሲቀርብልህ ትገፋዋለህን?» ብለው ጉርሻውን ወደ መሶቡ መለሱት። የ1977 ዓ.ም.ን ረኀብ በዋግ ምድር ሆኖ ያየ ሰው እንዲህ ሲናገር ምን መልስ ይሰጡታል? ዝም አልሁ።

ያ የተመለሰ ጉርሻ ዓመቱን ሙሉ ከዓይኔ አልጠፋም። ቆይቼ ባስተውለው፥ ጥፋቴ ሥጋ አለመብላቴ አልነበረም፤ እንቢታን ብቻ ይዤ ሄድሁ እንጂ፥ ለሌላው የማካፍለው ነገር ይዤ አልሄድሁም።

ስለዚህ ለ2011 ዓ.ም. ፋሲካ አሳቤን አስቀድሜ በስልክ ለአክስቴ አስረዳሁ። ስልጆ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተሠርቶ በሰናፍጭ እስኪኮመጥጥ ጥቂት ቀን ይፈልጋልና፥ ቀደም ብዬ አሠርቼ ያዝሁ፤ ምስር፥ ሱፍ፥ ተልባና የኑግ ዘይትም ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለቤተ ሰቡ ሁሉ እንዲበቃ አድርጌ ገዛሁ። ዘመዶቼ ለፍየሉ መግዣ ሲያዋጡም፥ ለእርድ መክፈል ኅሊናዬን ስለ ከበደው፥ በዚያው ልክ የጠላውን ገብስና ጌሾ ገዛሁ። አክስቴም ለሁዳዴ ብቻ የሚያወጧትን፥ ቅቤ ነክቷት የማያውቀውን ድስት አቅርበው፥ «ይህች ድስት በፋሲካ እሳት ላይ ስትጣድ ዛሬ ገና ነው» ብለው ሣቁ።

በትንሣኤ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፥ በጾም የሰነበተ ሆድ እንዳይጐዳ እንደ ልማዱ ሁሉም አስቀድሞ ተልባ ጠጣ። በዚያች ሰዓት የሁላችን ምግብ አንድ ነበረ። ሽማግሌው ያን ነገር ደግመው ሲያነሡብኝም፥ «አባቴ፥ ጾም የምግብ ዓይነት መምረጥ ብቻ ሳይሆን ሰዓት ጠብቆ መከልከል ነው፤ እኔ ግን ገና ሳይነጋ ከእናንተ ጋር በልቼ እጠግባለሁ፤ ወጡ የጾም ቢሆንም ቀኑ የፋሲካ ነው» አልኋቸው። እሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው በስልጆው አጠቀሱ፤ ከሥጋው በኋላ ኮምጣጣው ስለ ተስማማቸው ደግመው አስጨመሩ። አክስቴም ከምስር ወጡ ጠቅልለው አጎረሱኝ፤ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለውም ሁለተኛውን አስከተሉ፤ በኽምጣናም መረቁኝ። ያለፈው ዓመት ኀዘን በዚያ ተፈጸመ።

ይህን ስጽፍ ሰው ሁሉ እንደ እኔ ይብላ ማለቴ አይደለም። የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የመንግሥት ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም መጠራቱን እያወቅሁ፥ በዚያች ከተማ ላለች እናት «ለልጅሽ ወተትና እንቍላል አትስጪ» ብል ታላቅ ድፍረት ይሆንብኛል። የእኔ መተው ካገኘሁት ላይ መተው ነው፤ የእነርሱ ማጣት ግን ሌላ ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ዘመዶቹ የሚበሉትን የማይበላ ሰው ቢኖር፥ አስቀድሞ ቃል ይላክ፤ ለሁሉ የሚበቃ ምግብ ይዞ ይሂድ፤ በማዕድ ላይም ስብከት አያብዛ። ቤተ ሰቡም በበኩሉ አንዲት ድስት ለይቶ ቢጥድለት፥ ሁሉም በአንድ መሶብ ዙሪያ ተሰብስቦ በደስታ ይውላል።