የጋሼ ቲታኒየም

ጋሼ ካረፈ ሦስት ወር ሲሞላው ልጁ ደወለችልኝ። «የአባዬን ላፕቶፕ መክፈት አቃተኝ፤ አንተ ታውቅበታለህ?» አለችኝ። ላፕቶፑን አውቀዋለሁ። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና፣ በኦሊምፒክ እና በዊትዎርዝ መካከል ባለችው አጭር መንገድ ላይ ቡና ጠጥቶ የሚያውቅ ሐበሻ ሁሉ ሳያየው የቀረ አይመስለኝም። ከመስኮቱ ርቆ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ አንድ ጥጉ በፕላስተር የታሰረ ብርማ ነገር ፊቱ ዘርግቶ በሁለት ጣቱ የሚጽፍ ባለታክሲ ነበር። ያ ሰው የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው።

ስሄድ ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ክዳኑን ቀና ሳደርገው በስክሪኑና በቁልፎቹ መካከል በልኩ የተቆረጠ የነጠላ ጨርቅ ተነጥፏል። «የእማዬ ነጠላ ነው» አለች፤ እናቷ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለታችንም ዝም ብለን አየነው። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ ጨርቅ ካየሁ ትርጉም መፈለግ ሥራዬ ነው። ወዲያው መታሰቢያ፣ መጋረጃ፣ መጎናጸፊያ እያልኩ በልቤ መደርደር ጀመርኩ። ጉዳዩ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። እሱን ለማስረዳት ስለ ዕቃው ራሱ ትንሽ ማውራት ይኖርብኛል።

ዕቃው አፕል የሠራው ፓወርቡክ ጂ-4 ነው፤ የመጀመሪያው፣ የቲታኒየሙ። ስቲቭ ጆብስ በፈረንጆች ጥር 2001 ሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ ሲያሳየው ውፍረቱ አንድ ኢንች፣ ክብደቱ ወደ 2.4 ኪሎ፣ ስክሪኑ 15.2 ኢንች ነበር። ዋጋው ከ2,599 ዶላር ይጀምራል። እነዚህ ቁጥሮች ዛሬ ማንንም አያስደንቁም። ያኔ ግን ላፕቶፕ ማለት ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ነበር። ራሱ አፕል ከዚያ በፊት ለተማሪ ብሎ ያወጣው ባለቀለም አይቡክ የሽንት ቤት መቀመጫ ይመስላል እየተባለ ተቀልዶበታል። በዚያ መካከል ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ አውሮፕላን ከሚሠራበትና ሐኪም የተሰበረ አጥንት ከሚጠግንበት ብረት የተሠራ ነገር ብቅ አለ። ዛሬ በየካፌው የምናየው ብርማ ላፕቶፕ ሁሉ የእሱ ዘር ነው።

ጋሼ በ2002 ከአንድ የፊልም ተማሪ አሮጌውን ገዛው። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት ያቺን የፌርፋክስ ቁራሽ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየማትም በዚያው ዓመት ነው፤ ጋሼ ሁለቱን አንድ ላይ ያነሳ ነበር፣ ሰፈሩ ስም ሲያገኝ እሱ ላፕቶፕ እንዳገኘ። ገንዘቡን በየወሩ ከፍሎ ነው የጨረሰው። ሚስቱ ሳምንት ሙሉ እንዳላናገሩት ይነገራል።

ለምን ያን ያህል እንደጓጓ ለመረዳት ክዳኑ ላይ ያለችውን ፖም ማየት ይበቃል። ከዚያ በፊት በነበሩት የአፕል ላፕቶፖች ላይ ፖሟ የምትቃናው ለባለቤቱ ነበር፤ ክዳኑ ተዘግቶ ፊቱ ሲቀመጥ እሱ ቀጥ ብላ ያያታል፣ ሲከፍተው ግን ከማዶ ለተቀመጠው ሰው ተዘቅዝቃ ትታያለች። በቲታኒየሙ ላይ ተገለበጠች። ከዚያ ወዲህ የምትቃናው ለተመልካች ነው። ይህን የወሰኑት ካሊፎርኒያውያን ይሉኝታ የሚለውን ቃል ሰምተው አያውቁም፤ ነገሩን ግን ገብቷቸዋል። የእኛ ሰው አሜሪካ ደርሶ የመጀመሪያውን ፎቶ ወደ ቤት ሲልክ የሰው መኪና ተደግፎ የሚቆመው ለዚህ አይደል? ጋሼም ማታ ማታ ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ያመሸ ሰው ነው። ጠዋት ካፌ ተቀምጦ ያንን ክዳን ሲያቀና ግን ባለታክሲ ሳይሆን ጸሐፊ ነበር። እኔ በዚህ አልስቅም። በፊት ግን ስቄያለሁ።

ወደ ነጠላው ልመለስ። ይህ ላፕቶፕ ክዳኑ እጅግ ስስ ነው። ሲዘጋና ቦርሳ ውስጥ ሲጫን ስክሪኑ ቁልፎቹን ይነካል፤ የጣት ወዝ ያለበት ቁልፍ ደግሞ መስተዋቱ ላይ አራት ማዕዘን ማህተሙን ያትማል። ያንን ሞዴል የያዙ ሰዎች በሙሉ ያውቁታል፤ አንዳንዱ ስስ ቆዳ ገዝቶ በመካከል ያነጥፍ ነበር። ጋሼ ቆዳ አልገዛም፣ ሚስቱ ያረጀች ነጠላ ሰጡት። መታሰቢያ አልነበረም፤ እሳቸው በሕይወት እያሉ የተቆረጠ ጨርቅ ነው። ይህን ስነግራት ልጁ «እንግዲያው ልጠበው?» አለች። አላጠበችውም።

ቀለሙም እንደዚሁ ነው። ጠርዙ ዙሪያውን ተላጥቶ ስናይ «ቲታኒየም ይላጣል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቲታኒየም አይላጥም። ከላይና ከታች ያለው ስስ የቲታኒየም ሉህ ነው፤ ሉሆቹ የሚያርፉበት የጠርዙ ክፈፍ ግን ሌላ ነገር ሆኖ፣ ብረቱን እንዲመስል ብቻ ቀለም ተቀብቷል። እጅ ሲደጋገምበት ቀለሙ ይረግፋል፣ ከሥሩ ያለው ይጋለጣል። ይኼ ከጉድለቶቹ ሁሉ የሚያሳፍረው ይመስለኛል። ማጠፊያ ቢሰበር ብረት ደከመ ይባላል፤ ብረት ሳይሆኑ ብረት ለመምሰል መቀባት ግን የጠባይ ጉዳይ ነው።

የማጠፊያውም ነገር የታወቀ ነው። ሰፊው ስክሪን የተንጠለጠለው በሁለት ቀጫጭን ማጠፊያዎች ላይ ነው፤ በአንድ ጥግ ይዞ የሚከፍት ሰው ክብደቱን በሙሉ በአንዱ ላይ ይጥለዋል። ጋሼ በግራ እጁ ሲኒ ይዞ በቀኙ መክፈት ልማዱ ነበር። የቀኙ ተሰበረ። በጥቁር ፕላስተር አሰረው፤ ከዚያ ወዲህ ክዳኑን የሚከፍተው ሲኒውን አስቀምጦ፣ በሁለት እጁ፣ በቀስታ፣ ዳዊት እንደሚገልጥ ሰው ነበር። እኛ የቤተሰቡ ልጆች ይህን አከፋፈት እየኮረጅን ስንስቅበት ኖረናል። የአክብሮት ይመስለን ነበር።

የመጨረሻው የግድግዳው ጉዳይ ነው። ሰው ሁሉ መስኮት ዳር እየተሻማ ሲቀመጥ ጋሼ ለምን ጨለማ ጥግ እንደሚመርጥ አንድ ጊዜ በጽሑፍ ሞክሬዋለሁ፤ ለአንድ ሴሚናር ስለ ስደተኛ ጸሐፊ «ፈቃደኛ ስውርነት» ብዬ ሁለት ገጽ ያህል። አስተማሪዬ ወደዱት። እውነቱን የነገረኝ ካፌው ውስጥ ሲያስተናግድ የኖረ ልጅ ነው፤ የዋይፋዩ ሳጥን የተሰቀለው እዚያ ግድግዳ ላይ ነበር። ብረት የሬዲዮ ሞገድ አያሳልፍም። ሠሪዎቹ ይህን እያወቁ አንቴናውን ከታችኛው አካል ግራና ቀኝ፣ ከትናንሽ የፕላስቲክ መስኮቶች ጀርባ አስቀመጡት፤ አልበቃም። በዚያው ዘመን ግማሽ ዋጋ የሚያወጣው ፕላስቲኩ አይቡክ ከሱ በተሻለ ይይዝ ነበር። በ2003 በአሉሚኒየም የተሠራው ተተኪ ሲመጣ አንቴናውን ወደ ስክሪኑ ጎንና ጎን ያወጡት ለዚህ ነው። ጋሼ ግን ያለው ቲታኒየሙ ነበር፤ ስለዚህ ወንበሩን ወደ ሳጥኑ አስጠጋ።

(በዚህች ከተማ ብረት ሰውን ሲያስቸግር የመጀመሪያው አይደለም። በ2003 የተከፈተው የዲዝኒ ኮንሰርት አዳራሽ፣ ብዙ ሰው ቲታኒየም የሚመስለው ግን የማይዝግ ብረት የለበሰው፣ ከፊሉ እንደ መስተዋት እያንጸባረቀ የጎረቤቶቹን ቤት ስላሞቀ በኋላ በአሸዋ ወረቀት እንዲደበዝዝ ተደርጓል። መልክ ከሩቅ ነው የሚታሰበው፤ የሚኖርበት ግን ከቅርብ ነው።)

ታዲያ ለምን አልጣለውም? ይህን እኔም ጠይቄዋለሁ። ለትምህርት እንደመጣሁ፣ ከመጀመሪያው ደመወዜ ቆጥቤ፣ «ጋሼ፣ አዲስ ልግዛልህ» አልኩት። «አዲሱ አማርኛዬን ያውቃል?» አለኝ። የግዕዝ ፊደል አሁን በየኮምፒውተሩ ተጭኖ እንደሚመጣ አስረዳሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ያንተን አማርኛ ያውቅ ይሆናል፤ የኔን አያውቅም» አለ። ግትርነት አድርጌ ወሰድኩት።

መጀመሪያ ልጁ አንድ ጥገና ቤት ወስዳው ነበር፤ ዋጋ የለውም፣ መጣያው ውስጥ ጣይው ብለው መለሱላት። እኔ የሞከርኩት ሌላ መንገድ ነው። ማጠፊያው ሲሰበር የስክሪኑ ገመድ ስለተጎዳ ስክሪኑ ጨልሟል እንጂ ሆዱ ደህና ነው። በእነዚያ ማሽኖች ላይ «ቲ» የምትለውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ማስነሳት ላፕቶፑን ወደ ተራ ሃርድ ዲስክ ይለውጠዋል። በፋየርዋየር ገመድ፣ በላዩ ላይ ሦስት መለወጫ ሰክቼ፣ ከጓደኛዬ ከተዋስኩት ማክ ጋር አገናኘሁት። ከትንሽ ማቃሰት በኋላ ዲስኩ ብቅ አለ። ጽሑፉ በሙሉ ከአራት ሜጋባይት አይበልጥም፤ የሃያ ዓመት ጠዋት።

ከፈትኩት። አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ ባለነጥብ አናባቢ እየተደባለቀ ገጽ ሙሉ ተዘርግቷል። ያኔ ነው ጋሼ ያለኝ የገባኝ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ግን፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የአማርኛ ፎንት የሚሠራው ሁሉ ለእንግሊዝኛ በተከፈሉት ቦታዎች ላይ ፊደሉን እንደፈለገ ያሰፍር ነበር። ቦታው 256 ብቻ ነው። የእኛ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፤ እነ ኳ እና ሏ፣ ቁጥሩ፣ ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቆጠር። ስለዚህ አንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ይከፍለዋል፣ ሌላው እንደ ድሮው ታይፕራይተር እግርና ቀንድ እየቀጠለ ያሠራል። አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም። የጋሼ ፎንት የሚሠራው በአሮጌው ማክ ኦኤስ 9 ላይ ነው፤ እሱን የሚያስነሱት ላፕቶፖች ደግሞ የቲታኒየሙ ዘመን ሲያበቃ አብረው አበቁ። በሩ ከውስጥ ነው የተቆለፈው።

እኔ ቆሻሻ ነው ብዬ ልዘጋው ስል ልጁ «ቆይ» አለችኝ። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አልተማረችም። ለእሷ የጋሼ አማርኛና ያ ድብልቅልቅ እኩል ናቸው። እኔ የማነበው ስላጣሁ ማየት ትቻለሁ፤ እሷ ማንበብ ስላልለመደች ታያለች። በጣቷ አንድ ቦታ ነካች፤ አራት ምልክቶች፣ ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል። ሦስት መስመር ዝቅ ብላ ደግሞ አገኘቻቸው። «ይኼ ደጋግሞ ይመጣል» አለች። ሻምፖሊዮን በ1822 የግብጽን ጽሑፍ ሲፈታ የጀመረው ከነገሥታቱ ስም እንደሆነ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ለራሴ ግን አልታሰበኝም።

ማግስቱን አሮጌ ሞኒተር ፈልጌ፣ ከኋላ ባለው መሰኪያ አገናኝቼ፣ ላፕቶፑን በራሱ ስርዓት አስነሳሁት። ፎንቱ እዚያው ነበር፤ ጽሑፉ በግዕዝ ፊደል፣ ትንሽ ወደ ጎን እንዳጋደለ፣ ወጣ። አራቱ ምልክቶች ስሟ ናቸው።

ልብ ወለድ ጠብቄ ነበር፤ ቢያንስ ጅምር። ያለው ግን ቀን እየተጻፈበት የተያዘ ማስታወሻ ነው። የነዳጅ ሂሳብ። ከኤርፖርት እስከ ፓሳዴና የሄደ ተሳፋሪ የነገረው። ስሟ፣ ትኩሳት 39፣ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ስሟ፣ የጥርስ ሐኪም፣ 140 ዶላር። ለአንድ ወር ያህል «መኪና ውስጥ አኩርፋ መጣች» የሚል በየቀኑ። እኔ ቅር አለኝ፤ አልደብቅም። እሷ ግን ወንበሯን ሳበችና «ቀጥል» አለች።

አንድ ቦታ ላይ አስቆመችኝ። «1996 አልክ? ያኔ እኮ ይኼ ኮምፒውተር አልነበረም።» ጋሼ ቀኑን የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር እንደነበር ነገርኳት። በጣቷ ሰባት፣ ስምንት ቆጠረች። «እንግዲያው አስራ አንድ ዓመቴ ነበር» አለች።

አሁን ፎንቱን ከዩኒኮድ ጋር እያስተያየሁ ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ፤ ከሁለት መቶ በላይ ምልክት ፈትቻለሁ፣ የቀሩት ጥቂት ናቸው። እሷ ግን ፋይሉን አልፈለገችም። ላፕቶፑን ወሰደችው። ማጠፊያው ይጠገን ብላት እምቢ አለች። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ፤ ሞኒተሩን እሰካለሁ፣ ክዳኑን እሷ በሁለት እጇ ትከፍታለች፣ እኔ አነባለሁ። መጋቢት ላይ ደርሰናል። ጎማ ሊለውጥ ነው።