ስለ ሁለት ተመላሾች

አንባቢዎች ሆይ፤ ስለ ግብርና ስለ ጡረታ መጻፍ ደረቅ ነገር መሆኑን ዐውቃለሁ። ነገር ግን በገዛ ቤቴ ያየሁትን ብናገር፥ ልጁን ወደ ሩቅ አገር ለሚሰድ ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ተነሣሁ።

እኛ የቆቦ ሰዎች፥ ከዞብል ተራራ ግርጌ በማሽላው ሜዳ የምንኖር፥ ልጆቻችንን ባሕር አሻግረን ወደ ዐረብ አገር መስደድ ከለመድን ብዙ ዘመን ሆነን። ታናሽ እኅቴም በወጣትነቷ ወደ ጂዳ ሄዳ በሰው ቤት 14 ዓመት አገለገለች። በሳዑዲ ዐረብያ ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር እንደማይቈረጥ በነገረችኝ ጊዜ፥ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ የላብሽ ዋጋ ሳይጐድል ይደርስሻል» አልኋት። ስታረጅ በምን እንደምትኖር ግን አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ዓመት እርስዋና በአሜሪካ 30 ዓመት የሠሩት አጎታችን ባንድ ወራት ተመለሱ።

አጎታችን በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ከደመወዛቸው ሲቈረጥባቸው ኖረዋል። በዚያ አገር ሕግ ግን ሠራተኛው በዓመት እስከ 4 ነጥብ እየተቈጠረለት 40 ሲሞላለት፥ ማለት 10 ዓመት ሲሠራ፥ ለጡረታ ይበቃል። ስለዚህ ገንዘቡ በየወሩ ቆቦ ድረስ ይመጣላቸዋል። ሆኖም ግብሩም አብሮ ይከተላል፤ አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢኖር ገቢህን አስታውቅ ትለዋለችና። የእኛም የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ በኢትዮጵያ የተቀመጠውን ሰው እንደ ነዋሪ ይቈጥረዋል፤ ነዋሪ የሆነ ሰው ደግሞ በውጭ አገር ስለሚያገኘው ገቢ ጭምር ይጠየቃል። አጎታችን ይህን ከሰሙ ወዲህ የገቡበትንና የወጡበትን ቀን ይጽፋሉ፤ ለአሜሪካ የከፈሉበትንም ደረሰኝ በሣጥን ያኖራሉ።

እኅቴ ግን የምትቈጥረው ቀን፥ የምታኖረውም ደረሰኝ አልነበራትም። የሳዑዲ የጡረታ መዋጮ ለአገሩ ተወላጆች እንጂ ለእንግዳ ሠራተኛ አይደለም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 የወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ፥ አራት ዓመት በተከታታይ ላገለገለ የአንድ ወር ደመወዝ ስንብት ይሰጥ ነበር፤ እርስዋ ግን አራት ዓመት ሳትሞላ ከቤት ወደ ቤት ስትዛወር ኖራለችና ይህንንም አላገኘችም። የላከችልን ገንዘብ የቤታችን ቆርቆሮ ሆኗል። እኔም ከዚያ ቆርቆሮ በታች ተቀምጬ እጅዋን ባየሁ ጊዜ፥ ያን «እንኳን ደስ ያለሽ» ያልሁትን ቃል ዐሰብሁ፥ ዐፈርሁም።

አሁን ዕድሜዋ 45 ነው፤ በከተማችን በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥራለች። በሕጋችን ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቈረጣል፥ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ 10 ዓመት ያገለገለም ሰው 60 ዓመት ሲሞላው በየወሩ ጡረታ ይቀበላል። የጂዳው 14 ዓመት በዚህ መዝገብ አይገባም፤ ነገር ግን እስከ 60 ዓመቷ 15 ዓመት ይቀራታል።

እንግዲህ ልጁን የሚሰድ ሰው ደመወዙ ስንት ነው ብቻ አይበል፤ በእርጅናዋ የሚከተላት ምንድር ነው ብሎም ይጠይቅ።

የመጀመሪያ ደመወዟን የተቀበለች ቀን እኅቴ ተቈጥታ መጣች፤ «በሰው አገር ያልተቈረጠብኝ በአገሬ ይቈረጥብኝ?» አለች። እኔም አስቀምጬ ሒሳቡን በወረቀት አሳየኋት፤ ከዚያም በኋላ «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኋት።