የካፋ አብያተ ክርስቲያናትና ያልተጋራነው ማዕድ

እኔ በምኖርበት በቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ፣ ብርዱ ሲገባ አብያተ ክርስቲያናት ተራ ይገባሉ። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ብርዱ እስኪወጣ ድረስ ቤት የሌላቸው ሰዎች ውጭ አድረው እንዳይሞቱ አንዱን ሳምንት የሜቶዲስቶች አዳራሽ፣ ሌላውን የካቶሊኮች፣ ቀጥሎ የባፕቲስቶች ወይም የፕሬስቢቴሪያኖች አዳራሽ መኝታ ይሆናል። ፋሴትስ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ሥራውን ያስተባብራል። ራት ማብሰሉና እንግዳ መቀበሉ የምእመናኑ ድርሻ ነው። እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ጥምቀት አይስማሙም፤ ስለ ቁርባንም ቢጠየቁ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይናገራሉ። ሰው በብርድ መሞት እንደሌለበት ግን ተስማምተው ቁልፍ ይቀባበላሉ።

እንዲህ ያለው ትብብር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በወሎው ረሃብ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ አብያተ ክርስቲያናትና የርዳታ ድርጅቶች ተሰባስበው ኋላ ሲአርዲኤ እየተባለ የታወቀውን የክርስቲያን የርዳታና የልማት ማኅበር መሠረቱ። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ ደግሞ ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና መካነ ኢየሱስ በአንድ ጥምረት እህል አጓጓዙ። እ.ኤ.አ. በ1990 የእርስ በርስ ጦርነቱ እየነደደ ሳለ የዚህ ጥምረት የጭነት መኪናዎች ከደሴ ተነሥተው የጦር ግንባሩን አቋርጠው ትግራይ ገብተዋል። ሁለቱ ተዋጊዎች በምንም ሳይስማሙ ለዚያ እህል መንገድ ከፈቱ። ይህን ታሪክ ብዙ ወጣት ምእመን አያውቀውም፤ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየወጣት ኅብረቱ ቢነገር እወዳለሁ።

ቄስ ጉዲና ቱምሳም መነሣት አለባቸው። መካነ ኢየሱስን በዋና ጸሐፊነት በሚመሩበት ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ፣ ረጂዎች ልማትን ከወንጌል እየነጠሉ ሰውን ከሁለት መክፈላቸውን ተቃወመች። በደርግ ዘመን የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የወንጌላውያን የትብብር ምክር ቤት ሲቋቋምም ሊቀ መንበሩ እርሳቸው ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት እርሳቸውና የኦርቶዶክስ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስ በሳምንታት ልዩነት በደርግ ተገደሉ።

ስለዚህ ሰው ሲራብ አብረን መነሣት እንችልበታለን። እኔን የሚያስጨንቀኝ የትውልድ አገሬ የካፋ ጉዳይ ነው። በካፋ ያለችው ቢታ ገነት የቢታ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዝናብ የማይርቃት፣ እንሰትና ቡና የከበባት። እዚያ የፍትሕ ጥያቄው ምን ይበላል የሚለው አይደለም። ከማን ጋር ይበላል የሚለው ነው።

ካፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን አሉ። ቋንቋቸው እንደ ሌላው ካፋ ካፊኖኖ ነው። አያቶቻቸው አዳኞች ነበሩ፤ ኋላ ኑሯቸው በአብዛኛው ማገዶና ከሰል በመሸጥ ላይ ወደቀ። ጎማሮ የሚባለው ሌላው ካፋ በልማዱ ከእነርሱ ጋር አይበላም፤ ቤታቸው አይገባም፤ አይጋባቸውም። መንገድ ላይ ጎማሮ ሲያገኙ ዳር ወጥተው ማሳለፍ፣ ሰላምታቸውንም በአንተ ፈንታ እኔ ልሙት ብለው መስጠት ነበረባቸው። ቡና ቢጋበዙ ደጅ ላይ ነው፤ የሚቀዳላቸውም በእንሰት ቅጠል። ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ፣ ንጹሕ አይደሉም የሚል ነው።

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ከሰል የሚያመጡ አንድ አባት ነበሩ። እናቴ ደግ ሴት ናት፤ በባዶ እጃቸው ሸኝታቸው አታውቅም። እርሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ከደጃፉ አላለፉም፤ ግቡ ያላቸውም የለም። ባመጡት ከሰል ወጡ ይሠራል፣ ቡናው ይፈላል፣ ቄሱ ሲመጡ ቤቱ በእርሱ ይሞቃል። ከሰሉን ያመጣው ሰው ግን ከማዕዱ አይቀርብም። ይህ ከአንድ ቤት ክፋት የመጣ አልነበረም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚኖረው እንዲህ ነበር። ዛሬ ብዙ ነገር ተሻሽሏል ይሉኛል፤ ልጆች አብረው ይማራሉ፣ ሕጉም ሰውን ሁሉ እኩል ያደርጋል። ጋብቻና ማዕድ ላይ ሲደረስ ግን የድሮው ነገር ይመጣል።

ማንጆዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በካፋም በሸካም ለመንግሥት አቤቱታ ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በዴቻ ወረዳና በአካባቢው የታመቀው ቁጣ ወደ ግጭት ተለውጦ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ቤተ ክርስቲያንም ሄደዋል። በደርግ ዘመን የተጠመቁ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብዙዎች ወንጌላውያን ሆነዋል። ማንጆዎች ለምን ፕሮቴስታንት እንደሆኑ ያጠናችው ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሳዩሪ ዮሺዳ እንደምታሳየው፣ ከፈለጉት ነገር አንዱ እኩልነት ነበር። እርም የተባለውን ሥጋ የተዉም አሉ፤ የመገለሉ ሰበብ ሥጋው ነው ተብሎ ስለነበር። ሰበቡ ሄደ፤ መገለሉ ግን አልቀረም።

አንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻዋን ይህን መሻር አትችልም የምለው በዚህ ምክንያት ነው። አንዲት አጥቢያ ማንጆዎችን ተቀብላ ከፊት ብታስቀምጥ፣ ደስ ያላለው ጎማሮ የሚጣላት በግልጽ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ይቀርና ሌላ ቦታ ይታያል። የተቀበለችው አጥቢያ የማንጆ ቤተ ክርስቲያን ትባላለች፤ የሸሸውን የተቀበለችው ደግሞ ምእመን በዛልኝ ትላለች። መጋቢው ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ስብከቱን ያለሳልሳል። ካህኑም እንዲሁ። እያንዳንዱ የሚፈራው በጎረቤት ያለውን ክፍት በር ነው። በሮቹ በአንድ ላይ ካልተነጋገሩ የትኛውም ስብከት ጎማሮውን ከማንጆው ጋር አያስቀምጠውም።

በዚህ ረገድ የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ብዙ አስተምሮኛል። እ.ኤ.አ. በ1857 የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ፣ ነጭና ጥቁር ምእመን አብረው ማምለካቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር እንደሚስማማ ተናግሮ፣ በአንዳንዶች ድካም ምክንያት ግን ለየብቻ እንዲሆኑ ፈቀደ። ለድካም የተፈቀደው በ1881 ራሱን የቻለ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ በቀጣዩ ክፍለ ዘመን ደግሞ ለአፓርታይድ መከራከሪያ። ነገሩ የተነካው ከውጭ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት አብረው ሲቆሙ ነው። በ1982 ኦታዋ ላይ የተሰበሰበው የዓለም ሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት አፓርታይድን ኑፋቄ ብሎ ሁለት የነጮች አብያተ ክርስቲያናትን ከአባልነት አገደ። ለድካም ብለን እናቆየው የሚለው አነጋገር በካፋም የማይሰማ እንዳይመስላችሁ።

እዚህ አሜሪካ ያለነው ደግሞ የምንመካበት ብዙ የለንም። የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት በሳምንቱ ቀናት ፍራሽ አብረው እያነጠፉ እሑድ ጠዋት ነጭ በነጭ፣ ጥቁር በጥቁር ይቀመጣሉ። የእኛ የኢትዮጵያውያኑ አጥቢያዎችም በአንድ ጎዳና ላይ ሆነን አንድ የጋራ ሥራ ሲኖረን ብዙም አላየሁም።

ለቢታ ገነት አባቶች የምለው ግን አለኝ። የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ የሚባል መዋቅር በአገራችን አለ፤ ግጭት ሲፈራ ሰዎቹ ይጠራራሉ። ለዚህም ጉዳይ ይጠራሩ። የኦርቶዶክስ ካህናት፣ የወንጌላውያን ሽማግሌዎች፣ ካቶሊኮቹም፣ አንድ ነገር ላይ ብቻ ይስማሙ፦ ማንጆ አጠገቤ ተቀመጠ ብሎ የወጣን ሰው፣ መሸኛ ደብዳቤ ቢይዝም ባይዝም፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ምክንያቱን ሳይጠይቅ አይቀበለው። ቀጥሎ የንስሐ አባት የማንጆ የንስሐ ልጁን ቤት ጠበል ረጭቶ ብቻ አይውጣ፤ ተቀምጦ ቡና ይጠጣ። የወንጌላውያኑም የቤት ለቤት ኅብረት ተራው በማንጆ ቤት ይድረስ፤ የቀረበውም ይበላ። ዕድሩና ቀብሩ ከዚህ በኋላ ይከተላል፤ ዕድርተኛው ያው ምእመን ነውና።

እኛም ከሩቅ የምናደርገው አለ። በየዓመቱ ከካፋ ስልክ ይመጣል፤ ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ፣ ለአጥር፣ ለድምፅ ማጉያ። እናዋጣለን፤ ማዋጣታችንም መልካም ነው። የሚቀጥለው ስልክ ሲመጣ ግን ገንዘቡን ከመላካችን በፊት ሁለት ነገር እንጠይቅ። በአጥቢያው ከሽማግሌዎቹ ወይም ከሰበካ ጉባኤው አባላት መካከል ማንጆ አለ ወይ? ለምረቃው ቀን የሚታረደው በሬስ ለሁሉም በአንድ ዳስ ነው የሚቀርበው?