ቀኑ ይዛወርልኝ

የመንጃ ፈቃድ ፈተና ቀርቦባችሁ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናችሁ ጣሪያ ላይ የሚያድር ከሆነ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። መሪ ጨብጣችሁ የማታውቁም ብትሆኑ አንብቡት፤ በእኛ ዕድሜ ፈተና የሌለበት ሰው የለም።

ያደግሁት ጋይንት ነው። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጉና በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚወስደውን መንገድ የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ጉሙ ሲወርድ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። ከስማዳ ወገዳ ወይም ከእስቴ መካነ ኢየሱስ የመጣችሁ ደግሞ የራሳችሁን ቁልቁለት ታስታውሳላችሁ። እኛ መንዳትን የምንፈራው በወሬ አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጠን ገደሉን በመስኮት እያየን ነው ያደግነው። ፎገራ ሜዳ ላይ የተወለደ ሰው ይህን ፍርሃት እንደ ስንፍና ቢቆጥረው አልቀየመውም።

ሥልጠናዬን የጀመርሁት ደብረ ታቦር፣ አክስቴ ቤት አርፌ ነው። ክፍያውን የሸፈነልኝ ታላቅ ወንድሜ ነበር፤ መንጃ ፈቃዱ ሲወጣ ሥራ ይገኛል በሚል ተስፋ ያበደረኝ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍሁ። የመንገድ ምልክቱ፣ የቅድሚያ ሕጉ፣ የሞተሩ ክፍል፣ ሁሉም ተቀምጦ የሚጠና ነው። የሚከብደው እግር የሚማረው ነው። ስምንት ቁጥሩንም ፓርኪንጉንም ከብዙ ላብ በኋላ ለመድሁት። ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ግን እንቢ አለኝ። ፍሪሲዮኑን ስለቅ ወይ ሞተሩ ይጠፋል፣ ወይ መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ከኋላ የባጃጅ ጥሩምባ ሲጨመርበትማ ግራ እግሬ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል።

የተግባር ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ለጸሎት ቡድናችን ነገርኋቸው። በፍቅር ጸለዩልኝ፤ “ጌታ ያሳልፍሻል” አሉኝ። አሜን አልሁ። ማታ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። የምለምነው ምንድን ነው? ፈታኙ ያን ቀን ዳገቱን እንዲረሳው ነው? እሺ ይርሳው፤ ጉና ግን አይረሳም። ነገ ከኋላዬ የሚቀመጡት ሰዎች ነፍሳቸውን የሚያምኑት ለውጤት ወረቀቴ አይደለም፣ ለግራ እግሬ ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰው ቀረበኝ። ማንነቱ ይቅር። “እህቴ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ትንሽ ነገር ካዘጋጀሽ ያልቃል” አለኝ። ይህን ቃል እናንተም ሰምታችሁት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚገድለው ይኸው ነው። የእኛ ዕድሜ ማለት ነው። የተገዛ መንጃ ፈቃድ ማንንም አይጎዳም የሚል ካለ፣ በክረምት ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት አንድ ጊዜ ይሳፈር።

ጓደኛዬ ሌላ ዘዴ አመጣች፤ የሐኪም ወረቀት አሲዤ ቀኑን እንዳስቀይር። ክፉ አስባ አይደለም፣ አዝናልኝ ነው። እኔ ግን ያመመኝ ነገር አልነበረም። ወረፋ ጠብቄ መስኮቱ ጋ ስደርስ “ቀኑ ይዛወርልኝ” አልሁ።

“ምን ሆነሽ?”

“ዳገት ላይ መነሣት ገና አልቻልሁም።”

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። “እንዲህ ብሎ የመጣ ሰው አላየሁም” አለችና ከሦስት ሳምንት በኋላ ላለው ዙር ጻፈችኝ።

ርካሽ አልነበረም። ለተጨማሪ ልምምድ መክፈል ነበረብኝ። ወንድሜ በስልክ ሲሰማ ብዙ ዝም ብሎ ቆየና “አይ እንግዲህ” ብቻ አለ። “አይ እንግዲህ” ከታላቅ ወንድም አፍ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። አክስቴ ግን እንጀራ እየጋገረች “ልጄ፣ ያልበሰለ ከምጣድ ይወጣል እንዴ?” አለችኝ።

እነዚያን ቀናት የአገራችን መንገድ ታሪክ ያጽናናኝ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በጋይንት በኩል ነው። መድፉን ጋፋት ላይ የሠሩት የእጅ ሙያ የነበራቸው የአውሮፓ ሚስዮናውያን ነበሩ፤ ለዚህ አልነበረም የመጡት፣ የንጉሥ ትእዛዝ ሆነባቸው። ወደ 7 ቶን የሚመዝን ብረት የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረ ከፊት ከፊቱ ዓለት እየተፈነቀለ ወራት ፈጀ። ንጉሡ የሚወቀሱበት ብዙ ነገር አላቸው። ዳገቱን ግን የሌለ አስመስለው አላለፉትም።

አሠልጣኜ በሦስቱ ሳምንታት ሌላ ነገር አላስተማረኝም። ከተማው ሳይነቃ አንድ ዳገት ላይ ወስዶ ያቆመኛል። “የእጅ ፍሬኑን ያዢ። ማርሽ አንድ። ነዳጅ ትንሽ ስጪ። አሁን ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ ልቀቂ። የሞተሩ ድምፅ ሲከብድና አፍንጫው ቀና ሲል እግርሽን እዚያው ያዢ። አሁን የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ።” ጆሮዬ ከእግሬ ቀድሞ ተማረ። ፍርሃቱ አልሄደም፤ እጄና እግሬ ግን እስኪሄድ መጠበቁን ተዉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቀን ማዛወር ይጣፍጣል። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ያው ድምፅ “አንድ ጊዜ ደግሞ” ይለኝ ጀመር። በዚህ ጊዜ ግን መስኮቱ ጋ ሄጄ የምናገረው ነገር አልነበረኝም፤ ዳገቱን ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን እነሣለሁ። ገና ያልቻላችሁትን ነገር በስሙ መጥራት ከቻላችሁ አዛውሩ። ስም ከሌለው ግን ሄዳችሁ ተፈተኑ።

የፈተናው ዕለት ያካፋ ነበር። ፈታኙ ዳገቱ መሐል ላይ “ቁሚ” አለኝ። ቆምሁ። “ተነሺ” አለኝ። ድምፁ እስኪከብድ ጠብቄ ተነሣሁ፤ እሱ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ፣ ቀና ብሎም አላየኝ።

ማለፌን ለወንድሜ ስነግረው በመጀመሪያ የጠየቀኝ “ዳገቱንስ?” ብሎ ነው። “ዳገቱንም” አልሁት። ከዚያ ወዲያው የብድሩን ነገር አነሣ።