ከጎናችን ያለው ዓይን

ስፖርት ጡንቻን ብቻ ያፈረጥማል የሚል ሰው ቢኖር ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ሰው የሚቆጠሩበትን የሦስትዮሽ ውድድር አላየም ማለት ነው። ይህ ውድድር በወንዝ ላይ በታንኳ ቀዘፋ ይጀመራል፤ በብስክሌት ጥርጊያውንና ዱር ገደሉን በማቋረጥ ይቀጥላል፤ በመጨረሻም በቁጥቋጦና በጉብታ መካከል በእግር ሩጫ ይፈጸማል። ከሌሎች ውድድሮች የሚለየው ግን ከሁሉ በላይ ደንቡ ነው። ሁለቱ ጓዶች አብረው ይነሣሉ፤ አብረው ይጓዛሉ፤ ሰዓታቸውም የሚያዘው ሁለተኛው ሰው የመጨረሻውን መሥመር ሲረግጥ ነው። አንደኛው እንደ ነፋስ ፈጥኖ ቢደርስ እንኳ ጓዱ እስኪመጣ ድረስ እንዳልደረሰ ይቆጠራል።

በክፍላችን ይህን የመሰለ ልምምድ በተደረገበት ሰሞን ከወታደሮቹ መካከል አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣ ነበር። «ብርቱው ብቻውን ቢሮጥ የተሻለ ሰዓት ያመጣ የለምን? ሁለተኛው ሰው ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሸክምን ለመጋራት ነው የሚል ሲሆን፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውም ብሂል ይጠቀሳል። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም ሙሉው እውነት አይደለም። እኛ በዚህ በሱዳን ጠረፍ የተማርነው ሁለተኛው ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገን ሊሸከመን ሳይሆን ሊያየን መሆኑን ነው።

ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ያጣመረው ትራያትሎን የተባለው ስፖርት በዓለም እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች መካከል አንድ የባሕር ኃይል መኮንንና ባለቤቱ ይገኙበታል። እነርሱም አሜሪካውያኑ ጆን ኮሊንስና ጁዲ ኮሊንስ ናቸው። ባልና ሚስቱ ያሰቡት «አይረንማን» የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1978 በሃዋይ ደሴቶች ተካሄደ። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42 ኪሎ ሜትር ሩጫ በአንድ ቀን የሚጠይቅ ነበር። 15 ሰዎች ተነሥተው 12 ፈጸሙ። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ውኃና ምግብ የሚያቀብሉትን የራሱን ረዳቶች ይዞ እንዲመጣ ተደርጎ ነበር። ጆን ደንባር የተባለው ተወዳዳሪ ግንባር ቀደም ሆኖ ሲገሠግሥ ረዳቶቹ የያዙት ውኃ አለቀና ቢራ አቀበሉት። በዚያ ሙቀትና ድካም ላይ ቢራ ምን እንደሚያደርግ ለአንባብያን ማስረዳት አያሻንም። ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ፤ ደንባር ሁለተኛ ሆነ። እንግዲህ ውድድሩ በሯጩ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ከሯጩ ጎን በቆመው ሰው ጥንቃቄም እንደሚወሰን ገና በመጀመሪያው ዕለት ታይቷል።

በስዊድን አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በባሕር ላይ ባሉ ደሴቶች መካከል እየዋኙና እየሮጡ የሚደረግ የሁለት ሰዎች ውድድር አለ። በዚያ ውድድር ሁለቱ ጓዶች ከ10 ሜትር በላይ እንዳይራራቁ ደንብ ተደንግጓል። የደንቡ ምክንያት ደኅንነት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ የሰውን ኃይል ብቻ ሳይሆን ማስተዋሉንም ይወስዳል፤ ማስተዋሉ የተወሰደበት ሰው ደግሞ መወሰዱን አያውቅም። ያን ጊዜ የሚያውቅለት በ10 ሜትር ውስጥ ያለው ጓዱ ብቻ ነው።

ነገሩን በሩቅ አገር ብቻ እንዳናስቀረው በዚሁ በእኛው ወንዝ ላይ የሆነውን እናንሣ። ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ምዕራብ ካለው ደጋ የሚነሣው ጓንግ በመተማ በኩል አልፎ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ተከዜንም ተቀብሎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በበጋ ኩሬና አሸዋ ብቻ የሚቀርለት ይህ ወንዝ በክረምት ምን እንደሚሆን መተማንም ሆነ ገዳሪፍን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር በመጓዝ ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 1861 በአትባራ ዳር ሰፍሮ ነበር። ከአገሬው ሰዎች ብዙዎቹ በደረቀው ወንዝ ውስጥ በአሸዋው ላይ ተኝተው ነበር። በሌሊት ከሩቅ ነጎድጓድ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የነቁት ሰዎች «ባሕር! ባሕር!» እያሉ ጮኹ፤ ወደ አሸዋውም ወርደው የተኙትን ቀሰቀሱ። በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበው ዝናብ በጨለማ ደረሰ። በነጋታው በዚያ ደረቅ አሸዋ ፋንታ ስፋቱ 450 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም ከ4 ሜትር በላይ የሆነ ወንዝ ይፈስ ነበር። የተኙትን ሰዎች ያዳናቸው የእነርሱ ብርታት አልነበረም፤ ያዳናቸው የነቃ ሰው ጆሮ ነው። ባልና ሚስቱም ይህን ጠረፍ በትኩሳት እየተያዙና እርስ በርስ እየተጠባበቁ ተሻግረው በቀጣዩ ዓመት ካርቱም ገብተዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ሁለታችን ልምምዱን ያደረግነው ጓንግ ከክረምቱ ሙላት ጎደል ባለበት በጥቅምት ወር ነበር። ከመነሣታችን በፊት ሁለት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ ከሁለታችን ማንኛችንም «ቁም!» ካለ ማዕረግ ሳይጠየቅ ሁለታችንም እንድንቆም፤ ሁለተኛ፣ በየሩብ ሰዓቱ እርስ በርሳችን እንድንጠያየቅ። ጥያቄው «ደህና ነህ?» የሚል እንዳይሆን ተነጋገርን። ወታደር ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድና የታወቀ ነውና። በዚህ ፋንታ «በኮዳህ ስንት ጉንጭ ውኃ ቀረ?» የሚለውን መረጥን። ይህን ለመመለስ ሰው ኮዳውን መነቅነቅ፣ መገመት፣ መቁጠር አለበት። ማሰብ አለበት ማለት ነው።

በታንኳው ላይ ከፊት የተቀመጠው ድንጋዩን ያያል፤ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ጀርባ ያያል። ከፊት ያለው ዞሮ ለማየት አይችልም። መቅዘፊያው እኩል ካልገባ ታንኳው ይዞራልና ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዳችን የሌላውን ትንፋሽ ለመቁጠር ተገደድን። ከወንዙ ወጥተን ብስክሌቱን ስንይዝ የዚህ አገር አፈር ጠባዩን አሳየን። ዋልካ ሲርስ ጎማን እንደ ሊጥ ይይዛል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ጎማ የሚውጥ አፍ ይከፍታል። እኛ የደረስነው መሬቱ መሰንጠቅ በጀመረበት ጊዜ ስለነበረ ፊተኛው ስንጥቁን እያየ በእጁ ምልክት ይሰጥ፣ ኋለኛውም ይከተል ነበር። በግራና በቀኝ የሰሊጥ ነዶ ቆሞ ይደርቅ ነበር፤ ሰሊጥ ካልተቻኮሉለት ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳልና የቀን ሠራተኞቹ ቀና ሳይሉ ያጭዱ ነበር።

ሩጫው የተጀመረው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት «ስንት ጉንጭ ቀረ?» ተባለ፤ «አሥር ያህል» የሚል መልስ ተሰጠ። በሁለተኛው «ስድስት» ተባለ። በሦስተኛው ከእኛ አንዱ «ደህና ነኝ» ሲል መለሰ። ጥያቄው ተደገመ። «ደህና ነኝ» አለ። እግሩ አልዘገየም፤ እንዲያውም ፍጥነት ጨምሮ ነበር። መልሱ ግን የጥያቄው መልስ አልነበረም። ሌላው «ቁም!» አለ። ከሁለታችን የትኛው የትኛውን እንዳለው ለዚህ ጽሑፍ አስፈላጊ አይደለም።

ግራር ጥላ ሥር ገባን። ሸሚዝና ከስክስ ወለቀ፤ የቀረው ውኃ በአንገትና በብብት ላይ ፈሰሰ፤ በባርኔጣም አራገብን። ሦስት ጥንዶች አለፉን። አራተኛዎቹ ቆመው ያላቸውን ውኃ ግማሹን ሰጡንና ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ያ ሰው ዙሪያውን አይቶ «እዚህ መቼ ደረስን?» ብሎ ጠየቀ። ከመጣንበት መንገድ ብዙውን አያስታውስም ነበር። የቀረውን በቀስታ ተራምደን በጥላ በጥላው ስንደርስ ሽልማቱ ተሰጥቶ አብቅቷል። ሐኪሙ ከመረመረን በኋላ የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚታወከው አእምሮ መሆኑን፣ ታማሚው ራሱ እንደማይረዳው፣ ሳይቆም ቢቀር ደግሞ ሊሞት ይችል እንደነበረ ነገረን። ቀጥሎም «ማን አስቆመው?» ሲል ጠየቀ። ሌላ ምንም አልጠየቀም።

ውድ እኅቶቻችን፣ የሠራዊቱ ቤተሰቦች! ይህን ጽሑፍ ለቤተሰብ ገጽ የመረጥነው በምክንያት ነው። በዚህ በቆላ ጠረፍ ወባም ካላዛርም አለ። ከእነዚህም ሌላ ስም ያልወጣለት፣ ከግዳጅ የተመለሰን ሰው አንደበት የሚዘጋ ሕመም አለ። ስልክ ስትደውሉ «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል ትሰማላችሁ። የአንድ ባልደረባችን ባለቤት ግን ጥበበኛ ናት። «የልጆቼ አባት፣ ዛሬ ምሳ ምን በላህ?» ብላ ጠየቀችው። «ደህና ነኝ» አላት። «ምሳህን ነው የጠየቅሁህ» አለችው። ዝም አለ። ስልኩን ዘግታ ለጓዱ ደወለች። በዚያው ዕለት በደም ምርመራ ወባ ተገኘበትና ታክሞ ዳነ። ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት በአንድ ምሳ ጥያቄ የባሏን ሕመም ያየች ሴት ከ10 ሜትር ውስጥ ካለ ጓድ አታንስም።

ባል ለዕረፍት ቤቱ ገብቶ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ፣ ከልጆቹ መካከል ተቀምጦ ከልጆቹ ቢርቅ፣ ይህን ለክፍሉ ሐኪም ወይም ለሚያምነው ጓዱ የምትናገር ሚስት ባሏን እንዳማች፣ ወይም ክብሩን እንደነካች አድርገው የሚያስቡ አሉ። እኛ በጽኑ እንቃወማለን። «ቁም!» ብሎ የጮኸው ጓድ ጓዱን አላዋረደም። ወንድነቱን ለማስመስከር ሲል ብቻውን የወደቀ ወታደር ለክፍሉም፣ ለልጆቹም፣ ለአገሩም አይጠቅምም።

ለባሎችም የምንለው አለን። ሚስት ብቻዋን ቤት ስትይዝ፣ ልጅ ስታሳድግ፣ ወር በደረሰ ቁጥር ደመወዙን ስታብቃቃ እርሷም በሙቀት ውስጥ እየሮጠች ነው። እርሷም «ደህና ነን፣ አታስብ» ትላለች፤ ይህንም የምትለው አንተ በግዳጅህ ላይ ልብህ እንዳይከፈል ብላ ነው። እንግዲህ እርሷን ማን ያያል? «ደህና ናችሁ?» ብለህ ስልኩን አትዝጋ። «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛሽ? ሕፃኑ ሌሊት ስንት ጊዜ ቀሰቀሰሽ? ጎረቤት ማን ጠየቀሽ?» በል። መልሱን ብቻ ሳይሆን መልሱ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ዝምታ ጭምር አዳምጥ።

ሰው የራሱን ጀርባ አያይም። ይህ ጉድለት ሳይሆን የአፈጣጠሩ ሥርዓት ነው፤ ስለዚህም ጓድ ተሰጠው፤ ስለዚህም ትዳር ተሰጠው። የፊታችን እሑድ እያንዳንዳችን ወደ ቤታችን ስንደውል «ደህና ነኝ» ብቻ ተብሎ የማይመለስ አንድ ጥያቄ አዘጋጅተን እንጠብቅ።