ከጭላሎ ግርጌ፤ የዘማች ቁስል ስለሚታከምበት አገር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አርሲ የሚጓዝ መንገደኛ አዳማን ካለፈ በኋላ የአዋሽን ወንዝ ይሻገራል። ከወንዙ ማዶ ቆላው በግራሩና በሙቀቱ ጥቂት ይሸኘዋል፤ ዴራና ኢተያ ከታለፉ በኋላ ግን ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ የስንዴውና የገብሱ ማሳም ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይዘረጋል። በስተ ምሥራቅ የጭላሎ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል። በግርጌውም ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው የአሰላ ከተማ ተቀምጣለች።

ይህ አገር በእግር የታወቀ አገር ነው። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ የበቆጂ ልጅ ናት፤ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ በዚያው ርቀት የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ያደገው በአሰላ አጠገብ ነው። እኛ ግን ወደዚህ ከተማ የመጣነው ስለ ሌላ ዓይነት እግር ልንጽፍ ነው፤ ይኸውም በጦር ሜዳ ስለ ቀረው እግርና በእርሱ ፈንታ በሰው እጅ ስለሚሠራው እግር ነው።

አንባቢ፣ አሰላ ከጦር ግንባር ርቃ ሳለች ዘማቾች ከምን መጡ? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ከሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ድል በኋላ መንግሥት ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለወታደሮች መሬት ሲሰጥ፣ ብዙው ከተሰጠባቸው አገሮች አንዱ አርሲ ነበረ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ጦርነት በሆነ ጊዜ ደግሞ ሚሊሺያው ከየገጠሩ ተመልምሎ ዘመተ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የቀድሞው መንግሥት ሲወድቅ፣ በሚከተለው ወር በተቋቋመው ኮሚሽን አማካይነት ከ400,000 በላይ የሚሆኑ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተሰናብተው እጅግ ብዙዎቹ ወደ ገጠር ተመለሱ። ከ1990 እስከ 1993 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት፣ ቀጥሎም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው የሰሜኑ ጦርነት ሌሎች ቁስለኞችን ጨመሩ። እንግዲህ ጦርነቱ በሩቅ ቢሆንም ቁስለኛው ተመልሶ የሚገባው ወደ ወላጆቹ ጎጆ ነው።

በቀደመው ዘመን ሕክምናው በይበልጥ የሚገኘው በዋና ከተማው ነበረ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተደረገው የዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ደርሰው ቁስለኞችን አከሙ፤ ሥራቸውም ለዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መመሥረት መንገድ ጠረገ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ በቃኘው ሻለቆች ወደ ኮሪያ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል ከ120 በላይ ሲሞቱ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ በ1997 ዓ.ም. በኮሪያ ክርስቲያኖች ርዳታ የተከፈተው ሆስፒታልም እነዚህን ሽማግሌዎች እያሰበ የቆመው በአዲስ አበባ ነው። የጦር ኃይሎች ሆስፒታልም የሚገኘው በዚያው ከተማ ነው። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከበቆጂ ማዶ በሚኖር ገበሬ ዓይን ሲታይ ሩቅ ነው።

ርቀቱ የሚከብድበትን ምክንያት ለመረዳት የሰው ሠራሽ እግርን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እግሩ አንድ ጊዜ ከተሰጠ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እግሩ ያልቃል፤ መገጣጠሚያው ይላላል፤ መርገጫው ይበላል። ከመቆረጡ የተረፈውም የገላ ክፍል ባለበት አይቆይም፤ ሰውየው ሲከሳ ይሟሽሻል፣ ሲወፍር ይጠብበታል። ስለዚህ እግሩ በየጊዜው መታየትና መጠገን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ፈጽሞ መለወጥ አለበት። በሃያ ዓመቱ የቆሰለ ወታደር እስከ ሰባ ዓመቱ ቢኖር፣ ከአሥር በላይ እግር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ጦርነቱ አልቆ የሰላሙ ውል ተረስቶ ሳለ፣ የእርሱ ሕክምና ገና ግማሽ መንገድ ላይ ይሆናል።

ለዚህ ነው በአሰላ ያለው የአካል ማገገሚያ ማዕከል ትልቅ ነገር ሆኖ የታየን። በየክልሉ እንዲህ ያሉ ማዕከሎች ሲቆሙ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በዕቃና በባለሙያ ሥልጠና ረድቷል። የአሠራሩም መንገድ ቀላል ቢመስል ጥበብ ያለበት ነው። አስቀድሞ ባለሙያው የቀረውን እግር በጄሶ ጨርቅ ጠቅልሎ ልኩን ይወስዳል፤ በዚያም ቅርፅ ውስጥ ጄሶ አፍስሶ የእግሩን ምስል ያወጣል። ምስሉንም ክብደት ሊሸከም በሚችለው ቦታ ጥቂት እየፋቀ፣ ሕመም በሚሰማው አጥንት ላይ ጥቂት እየጨመረ ያስተካክላል። ከዚያም ፖሊፕሮፒሊን የሚባለውን የፕላስቲክ ሰሌዳ በምድጃ አለስልሶ በምስሉ ላይ ያለብሰዋል። ይህ ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ ውኃና ጭቃ አያበላሸውም፤ ስለዚህም በክረምት በአርሲ ጥቁር አፈር ላይ ለሚቆም ገበሬ የተመቸ ነው።

እግሩ ከተሠራ በኋላ ደግሞ መራመድን መማር አለ። ታካሚው በሁለት አግዳሚዎች መካከል ቆሞ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ እያየው፣ እንደ ሕፃን ልጅ አንድ ርምጃ ብሎ ይጀምራል። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ስለ አንዲት ርምጃ ሲያልበው ማየት ልብን ይነካል።

የቀረው የዘማች ሕመም ለሆስፒታሉ ድርሻ ነው። ዛሬ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ በሆነው በአሰላ ሪፈራል ሆስፒታል ወጣት ሐኪሞች ይሠለጥናሉ። እንዲህ ያለ ሆስፒታል ለዘማቹ የሚያስፈልገው ብዙ ነው፤ ከሥጋ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ አለ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መግል የሚይዝ አጥንት አለ፤ የሌለው እግር ሌሊት ሌሊት የሚያመው ሰው አለ። ይህ የመጨረሻው ሕመም እብደት ወይም ማስመሰል አይደለም፤ ሐኪሞች የሚያውቁት፣ ከተቆረጠው ነርቭና ከአንጎል የሚመጣ እውነተኛ ሕመም ነው። በሕልሙ የሚጮኽና ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥ ዘማችም እንዲሁ ሕክምና የሚያስፈልገው በሽተኛ ነው። ወደ ጠበል የሚሄድም ሰው ወደ ሐኪም ከመሄድ አይከልከል፤ ሁለቱ አይጣሉምና።

እንዲህ ያሉ ማዕከሎች የሚያገለግሉት ዘማቹን ብቻ አይደለም። በመኪና አደጋ እግሩን ያጣው ሾፌር፣ በስኳር በሽታ የተቆረጠችው እናት፣ እግሩ ቆልመም ብሎ የተወለደው ሕፃን ከወታደሩ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጦርነት ያስተማረው ጥበብ ለሰላም ሰዎች መትረፉ መልካም ነገር ነው።

የሆነ ሆኖ ማዕከል መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ወደዚያ የሚያደርሰው ሰው ያስፈልጋል። የዘማቹ እግር ሲሰበር፣ አውቶቡስ የሚሳፈርበት ገንዘብ ከሌለው፣ ወይም በአዝመራ ጊዜ እርሻውን የሚጠብቅለት ካላገኘ፣ እግሩን ከአልጋው ሥር ጥሎ ወደ ምርኩዙ ይመለሳል። ምርኩዝ የያዘ እጅ ደግሞ እርፍ ለመጨበጥ አይመችም፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ይጎድላል፤ ሰውየውም ከሰው መካከል መውጣት ያፍራል። ይህን የሚከለክለው ትልቅ ሀብት አይደለም፤ የአንድ ቀን ጉዞ ዋጋና የጥቂት ቀን ሥራ ነው።

ስለዚህ በየሰፈራችሁ ያለውን ዘማች አስቡ። በሰንበቴና በማኅበር ስትሰበሰቡ፣ በዕድር ስትመክሩ፣ እግሩ እንዴት ነው? መቼ ታየ? ብላችሁ ጠይቁት። ለሙታን ተዝካር የሚያወጣ ቤት፣ በሕይወት ላለው ቁስለኛ የአውቶቡስ ዋጋ አያጣም። አገር ልጇን ወደ ጦር ሜዳ ስትልክ መንገዱ አልረዘመባትም፤ ወደ አሰላ ለመውሰድም ሊረዝምብን አይገባም።