ዓርብ በቱቲ ደሴት

«ካርቱም ሕክምና ስትማሩ በዕረፍት ቀናችሁ ምን ትሠሩ ነበር?» የሚል ጥያቄ ከወላጆች በተለያየ ጊዜ ቀርቦልናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ እናት ስትጠይቀው ሌላ ነው፤ ልጄ በልቶ ያድር ነበር ወይ፣ ሰው ነበረው ወይ ማለቷ ነው። ስለዚህ ከገዳሪፍ ካምፖች ወጥተን እዚያ የተማርን ጥቂት ልጆች ተሰባስበን ይህችን ጽፈናል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከገዳሪፍ ካርቱም ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል፤ ከመንገዱ ይልቅ የሚያደክመው ተስሪህ ለማውጣት ያለው ምልልስ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቱ በ1924 በእንግሊዞች ዘመን በኪችነር ስም የተከፈተ አንጋፋ ሲሆን፣ ኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ በሽተኛው በዐረብኛ፣ እኛ ደግሞ በሆዳችን በአማርኛ! መጽሐፉ «ማላሪያ» ይላል፣ ሰውየው «ዊርዳ» ይላል፣ እኛ «ወባ» ብለን እናስባለን። ሳምንቱን ሙሉ ጭንቅላታችን እንዲህ ሲዞር ከርሞ ዓርብ ይመጣል።

ዓርብ ከተማው ሁሉ ይዘጋል። ጠዋት ልብስ አጠባ ነው፤ በአንድ ባልዲ በተራ። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ሁለተኛውን ልብስ ሳታሰጡ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቃችኋል። ከዚያ ሙስሊሞቹ ለጁምዓ፣ ክርስቲያኖቹ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ስንመለስ ከአንድ ሳህን ፉል በሰሊጥ ዘይት እንበላለን። ማንም «የአንተ እምነት፣ የእኔ እምነት» ሲል አልሰማንም፤ ፉሉ ሲያንስ ነው ጭቅጭቅ የሚነሳው።

ቀጥሎ ቡና ነው። በዴም ሰፈር መንገድ ዳር ሻይና ቡና የሚሸጡ እህቶቻችን ነበሩ። ኑሯቸው ከእኛ የባሰ ነበር፤ ከሻ መጣ ሲባል ጀበናቸውንና በርጩማቸውን አንጠልጥለው ይሮጣሉ። ታዲያ እነሱ ናቸው «የእኛ ዶክተሮች» እያሉ ገንዘብ አንቀበልም የሚሉን። እኛም በምላሹ የደም ግፊታቸውን እንለካ ነበር። ገና ሁለተኛ ዓመት ሆነን እንኳ ምክር ይጠይቁናል። የማናውቀውን እንደምናውቅ ሳንናገር ወደ ሐኪም መላክን የተማርነው ከክፍል ይልቅ እነዚያ በርጩማዎች ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ወደ ቱቲ። ቱቲ ጥቁር አባይና ነጭ አባይ በሚገናኙበት ቦታ የምትገኝ ደሴት ናት፤ ስፋቷ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። በጀልባ ብቻ የምትደረስ ነበረች፤ በ2009 የተንጠልጣይ ድልድይ ተከፈተላትና እኛ በእግራችን ተሻግረናል። ማዶው ሕንፃና የመኪና ጩኸት፣ እዚህ ሲደርሱ ደግሞ የሎሚ ዛፍ፣ የጎመን መደብና የአህያ ጋሪ ነው። እንዲያው አንድ ድልድይ ተሻግሮ ገጠር መግባት ይገርማል። ነዋሪዎቹ ማሐስ የሚባሉ ናቸው፤ ሰላምታችንን ተቀብለው ውኃ ያጠጡናል፣ ከየት መጣችሁ ይሉናል፣ «ሐበሻ» ስንላቸው ወዲያው ስለ ወንዙ ይጀምራሉ።

ስለ ወንዙ ማውራት መብታቸው ነው። ነሐሴ ላይ ጥቁር አባይ ከጣና ወደ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ ሲደርስ እንደ ሻይ ቀልቶ ነው፤ ጉልበቱም ነጩን አባይ ወደ ኋላ እስኪያግደው ይደርሳል። ሁለቱ ውኃዎች ጎን ለጎን፣ አንዱ ቡናማ ሌላው ግራጫ ሆነው ሲሄዱ በዓይን ይለያሉ። ቀለሙ የጎጃምና የወሎ አፈር ነው። አባይ ማደሪያ የለውም ሲባል እየሰማን ያደግን ልጆች፣ ማደሪያውን ያየነው ቱቲ ላይ ነው፤ ጎርፉ ሲጎድል የሚተወው ደለል ላይ አትክልት ይዘራል።

ግን ያው ውኃ ቤት ያፈርሳል። የቱቲ ሰዎች «ታያ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ በክረምት በደሴቲቱ ዳርቻ በየቦታው ተራ ገብተው ሌሊት ውኃውን ይጠብቃሉ፣ ከፍ ካለ ሰው ሁሉ ወጥቶ በአፈርና በጆንያ ይገድባል። በ1946 ጎርፍ ያደረጉትን ተጋድሎ ሽማግሌዎቹ ዛሬ የሆነ ያህል ያወሩታል። በ2020 መስከረም ውኃው ከዚያ በፊት ከተመዘገበው ሁሉ በልጦ፣ መንግሥት ለ3 ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጥቶ ነበር። እኛ ልጅ ሆነን «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው» ሲባል የምንደሰትበት ዝናብ፣ እዚህ ሰው እንቅልፍ የሚያጣበት መሆኑን መቼ አሰብነው?

ሎሚው ሥር ተቀምጠን እናነብ ነበር። ዕረፍት ነው ብለን ፎቶኮፒውን ይዘን እንሄዳለን፤ የሕክምና ተማሪ ነገር ይህ ነው። ካላዛርን ያነበብነው እዚያ ነው። የአሸዋ ዝንብ በጥቁር አፈር ስንጥቅ ውስጥ እንደምትኖር፣ ጣልህና ላሎብ የበዛበትን ቦታ እንደምትወድ፣ ማታ ማታ እንደምትነክስ መጽሐፉ ሲዘረዝር የገዳሪፍን ስም ጠቅሶ ነበር። ሆዳቸው አብጦ፣ ሰውነታቸው ከስቶ ያየናቸው ጎረቤቶች ትዝ አሉንና ገጹን ዘግተን ዝም አልን። ነገሩ ከተነሳ አይቀር፦ ትኩሳት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየና የወባ መድኃኒት ካልመለሰው «ይለቀኛል» ብላችሁ አትቀመጡ፣ ክሊኒክ ሂዱ።

የመጨረሻዋ ዓርብ ሚያዝያ 14 ቀን 2023 ነበረች። በእኛ ስቅለት ነበር፣ ሙስሊሞቹም ረመዳን ላይ ነበሩ፤ ሁላችንም ጾመኞች ስለነበርን ቡናም ፉልም አልነበረም። ስግደት የሄደው ሄደ፣ የቀረነው ቱቲ ዳር ተቀምጠን አፍጥር እስኪደርስ ጠበቅን። በማግሥቱ በቅዳም ሥዑር ጠዋት ተኩስ ተጀመረ። ፋሲካን ያሳለፍነው ከአልጋ ሥር ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። ቱቲ ያቺ አንድ ድልድይ ዋና መውጫዋ ስለነበረች ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ሲይዛት ሰዉ ታግቶ ቀረ፤ በ2024 አብዛኛው ነዋሪ ለቆ ወጣ። ጦር ሠራዊቱ ከተማውን መልሶ የያዘው በ2025 መጋቢት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤቱ መመለስ የጀመረ አለ። የዴም እህቶቻችንን ግን ሁሉንም አላገኘናቸውም። ሁለቱ ግብፅ መድረሳቸውን ሰምተናል፤ ስለ ሌሎቹ የሰማ ካለ ለቡለቲኑ ቢያሳውቀን ደስ ይለናል።

ከእኛ መሐል ውጤታቸውን ሳይዙ የወጡ አሉ፤ አሁንም ከዜሮ እንዳይጀምሩ ይጻጻፋሉ። አንዷ እህታችን ግን ሻንጣዋን ትታ የውጤት ወረቀቷን በላስቲክ ጠቅልላ በነጠላዋ ወገቧ ላይ አስራ ነበር የወጣችው። እሷ ሌላ አገር ሦስተኛ ዓመቷን ቀጥላለች። ልጆቻችሁ የትምህርት ወረቀት ካላቸው የት እንዳለ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።